ባሻ የሌለበት መጽሐፍ

ቅዳሜ፣ የካቲት 21። ከቀኑ 8 ሰዓት።

አሥራ አንድ ልጅ መጣ። ሁለቱን ጉንፋን ይዟቸዋል። ፊደል ግማሽ ሰዓት፣ ንባብ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ የመርከቧ ታሪክ። ምዕራፍ 9፣ ማዕበሉ። ባሻ ደስታ ራሱን በገመድ ከምሰሶው ጋር አስሮ፣ በአንድ እጁ ድስቱን፣ በሌላው ትንሹን መርከበኛ ጨብጦ ሲያነጋ ልጆቹ ወንበር ላይ ወጥተው ቆሙ። ውረዱ አላልኩም። እኔም መውጣት አምሮኝ ነበር፤ ጉልበቴ ነው የከለከለኝ።

ያቺኛዋ ደብተር አልቃ አንቺን ገና መጀመሬ ስለሆነ ባጭሩ ልንገርሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቻምበርስ ሮድ ላይ፣ ከጎማ ቤቱና ከጥፍር ማስዋቢያ ቤቱ መሀል ባለው የማኅበራችን አዳራሽ፣ እዚህ ባዕድ አገር ለተወለዱ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። በአማርኛ ስጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራቸው ሰዓት ማየትና መቼ ነው የምንሄደው ማለት ነበር። ከመስከረም ወዲህ ግን ያቺ መርከብ መጣች። የቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዛዊ ለወንዶች ልጆች የጻፈው የባሕር ጀብዱ ነው። በየሳምንቱ የደረስኩበትን ያህል ተርጉሜ አነብላቸዋለሁ። አሁን ማንም ልሂድ አይልም። ብሌን የምትባል አለች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ምላሷ ምላጭ። ባለፈው ሳምንት ባሻ ማታ የት ነው የሚተኛው ብላ በአማርኛ ጠየቀችኝ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር! መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ብቻዬን እልል አልኩ።

አባቷ አቶ ጌታሁን የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጌ. እለዋለሁ፣ ሙሉ ስሙን መጻፍ ያደክመኛል። ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነው፤ አዳራሹንም እንደ መጋዘን ነው የሚይዘው። ወንበሮቹ ጀርባ ላይ ቁጥር ጽፏል። ዛሬ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ቅሬታ አለው። መርከበኞቹ በሁዳዴ ቋንጣ ይበላሉ፤ ለልጆች ጥሩ ምሳሌ አይደለም፤ ቢያንስ እስከ ፋሲካ ሽሮ ቢበሉ ምን ይላቸዋል። ኧረ ጉድ! እንግሊዝኛው ላይ ያለው እኮ በጨው የታሸ የአሳማ ሥጋ ነው። ቋንጣውን ያመጣሁት ወላጆቹን ፈርቼ ነው። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። አስብበታለሁ አልኩት። አላስብበትም። ማዕበል መሀል ሽሮ ማን ያማስላል?

ማክሰኞ፣ የካቲት 24። 7 ሰዓት፣ በምሳ እረፍት።

ፓርክ ሂል። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ። ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ሰው አጥቤ አልብሻለሁ። ወገቤ የለም።

መጽሐፉ እዚህ የምንከባከባቸው የሚስተር ዋልተር ነው። ዘጠና አንድ ዓመታቸው። ዓይናቸው ከሞላ ጎደል ሄዷል። ምሳ ሰዓት ላይ ሳንድዊቼን እየበላሁ በእንግሊዝኛ አነብላቸዋለሁ፣ ማታ ቤቴ ለልጆቹ እተረጉመዋለሁ። የገመድ ስም በተሳሳትኩ ቁጥር ጣታቸውን ያነሳሉ። እኔ እናደዳለሁ። እሳቸው ይስቃሉ። እንዲህ አድርገን አምስት ወር ሞላን።

ዛሬ መጀመሪያ ገጾቹ ላይ ያለውን የደራሲውን ታሪክ አነበብኩላቸው። ሳቄ መጣ። ሰውዬው መርከበኛ አልነበረም! የኢንሹራንስ ቢሮ ጸሐፊ ነበር። ደረቱ ደካማ። አንዴ መርከብ ላይ ወጥቶ፣ ሲያስመልሰው ውሎ፣ ሁለተኛ አልሞከረውም። ያን ሁሉ ማዕበል ፎቅ ላይ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው የጻፈው። ወደድኩት። እኔም ባሕር ረግጬ አላውቅም። እዚህ አገር ደግሞ ከድርቀቱ የተነሳ አፍንጫዬ ይደማል። ባሕር ሳያይ የጻፈውን፣ ባሕር ሳላይ እተረጉማለሁ። ምን ይጠበስ?

ከዚያ ስለ ቀሪዎቹ ምዕራፎች ጠየቅኳቸው። ሚስተር ዋልተር ፊታቸው ተለዋወጠ። አሥራ አራትን ዝለዪው አሉ። ለምን? ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዝለዪው ብቻ።

እንግዲህ እኔ ዝለዪ ስለተባልኩ የምተው ሰው አይደለሁም። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ፣ ማድረቂያው እየጮኸ፣ ቆሜ አነበብኩት።

ክው አልኩ።

መርከቧ አፍሪካ ዳርቻ ትደርሳለች። የዳርቻው ሰዎች አውሬ ናቸው፤ ይጮኻሉ፣ ጥርስ አላቸው፣ ስም የላቸውም። ነጮቹ ውሃ ቀድተው በጀልባ ሲሸሹ ምግብ አብሳዩ አሸዋው ላይ ይቀራል። ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ደራሲው ለመሞቱ ግማሽ መስመር እንኳ አልሰጠውም፤ በሚቀጥለው ገጽ ካፒቴኑ ስለ ሾርባው ቀልድ ይናገራል።

ያው ዕለት። ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ቤት።

ሥራ ቦታ ያልጻፍኩትን ልጻፍልሽ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ባሻ ደስታ የሚባል ሰው መጽሐፉ ውስጥ የለም።

ያለው ጥቁር ምግብ አብሳይ ነው። ስም አልተሰጠውም። ያለ ቦታው ይስቃል፣ ጥላውን ይፈራል፣ ሁሉም በእርግጫ ይለዋል። መስከረም ላይ ገና ም. 2 ስደርስ ይህን ከአፌ አውጥቼ ለአሥራ አንድ የኛ ልጅ ማንበብ አቃተኝ። ስለዚህ ስም አወጣሁለት። ባሻ ደስታ። ኮከብ የሚያነብ አደረግኩት። ካፒቴኑን የሚመክር። ማዕበሉን በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት፤ ደራሲው ጋ ምሰሶው ላይ የታሰረው ካፒቴኑ ነው። ልጆቹ ከየት ነው የመጣው ሲሉኝ ለነሱ ተውኩት፤ እያንዳንዳቸው የአባታቸውን አገር ሰጡት። አንዱ የወሎ ነው ይላል፣ አንዷ የሐረር ነው ብላ ትሟገታለች።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። ውሸት አልመሰለኝም ነበር። ደብረ ብርሃን ሳስተምር ስልሳ ልጅ፣ አንድ መጽሐፍ፣ እሱም በእጄ። እኔ ያልኩት ነበር መጽሐፉ። ስቀንስ ስጨምር ማን ጠየቀኝ? የድሮ ተርጓሚም እንዲያ ነበር፤ ጨው ጎደለው ካለ ጨው ይጨምራል።

ሐሙስ፣ የካቲት 26።

ዕረፍት። በረዶ ጣለ፣ እስከ ቀትር ቀለጠ።

ወሰንኩ። 14ን እዘለዋለሁ። ባሻ ጀልባው ላይ ይወጣል፣ እንዲያውም ቀዛፊው እሱ ይሆናል፣ አለቀ። ማን ያውቃል? አሥራ አንዱም ልጆች አማርኛውን ገና ፊደል እየቆጠሩ በግድ ነው የሚያነቡት።

ም. 10ን ጨረስኩ። ለገመድ ዓይነቶቹ አማርኛ የለኝም። ሁሉንም ገመድ አልኳቸው። ሚስተር ዋልተር ቢሰሙ ጣታቸውን ያነሱ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 28። ከቀኑ 9 ሰዓት።

ምን ነካኝ። ምን ነካኝ።

ም. 10ን ገና ስጀምር ብሌን እጇን አወጣች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቲቸር፣ ባሻ ቡኩ ውስጥ የለም አለች። በአማርኛ። ጮክ ብላ።

መጽሐፉ አሮጌ ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ባለፈው ሳምንት የመርከቧን ስም ሰርች አድርጋ አግኝታዋለች። ባሻን በጣም ስለወደደችው አስቀድማ ልታነበው ፈልጋ ነው። አሳቢ ልጅ! ሙሉውን በሁለት ቀን ጨርሳዋለች። እኔ አንዱን ምዕራፍ ሳምንታት የምለፋበትን፣ እሷ አልጋ ላይ ተጋድማ። ደብተሬ፣ ገባሽ? ኦሪጅናሉ እኮ በነሱ ቋንቋ ነው። እንዴት ይህን አላሰብኩም? ሁለት ዓመት ሙሉ አይችሉም አይችሉም እያልኩ፣ ማንበብ የማይችሉ አድርጌ ቆጥሬያቸዋለሁ።

ሌሎቹ እኔን አዩኝ። ብሌን ቀጠለች። እዚያ ያለው ሰውዬ ስም የለውም፣ ሁሉም ይመቱታል፣ በመጨረሻ ትተውት ይሄዳሉ። ዋሸሽን አለች።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ጮህኩባት። ስልክ ክፍል ውስጥ ክልክል ነው ብዬ፣ ትልቅ ሰው ዋሸሽ አይባልም ብዬ። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፣ አላለቀሰችም። ጃኬቷን ለብሳ በር ላይ ቆማ አባቷን ጠበቀች። ትንሹ ልጅ፣ የወሎ ነው የሚለው፣ ባሻ ሞቷል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ስሜ ትዕግሥት ነው። እናቴ ቀልዳብኛለች።

እሑድ፣ የካቲት 29።

ጌ. ቴክስት አደረገ። ለወ/ሮ ትዕግሥት ይላል፣ ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው። ልጆቹ አዝነው ቤት ስለገቡ ተረቱ ከዛሬ ጀምሮ እንዲቆም፣ የሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው ስለ ክፍሉ ዕጣ እንደሚወስን። እስከዚያ ፊደል ብቻ።

ተረት! አራት መቶ ገጽ ነው።

እሱን ይቅርታ አልጠይቅም። ቢፈለጥ ቢቆረጥ። ብሌንን ግን እጠይቃለሁ። የበደልኩት እሷን ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2። 8 ሰዓት ተኩል።

ከሚስተር ዋልተር ጋር ተጣላሁ። እንዲህ ሆነ።

ሳንድዊቼን ሳልፈታ 14ን አንብቤዋለሁ አልኳቸው። ያውቁ ነበር፣ ለምን መጀመሪያውኑ አልነገሩኝም፣ ለልጆች እንደምተረጉመው እያወቁ? እንግሊዝኛዬ ሲናደድ ይሰባበራል፣ ግን ገብቷቸዋል። አፈርኩ አሉ። መጽሐፉን አያታቸው ናቸው በስምንተኛ ዓመት ልደታቸው የሰጧቸው። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ተናገሩ፦ ልጅ ሳለሁ ያንን ምዕራፍ ወድጄው ነበር፣ ከሁሉም አብልጬ። አሸዋው ላይ ስለቀረው ሰው አንድ ቀን አስበው አያውቁም። ካደጉ በኋላ ለልጆቻቸው ሲያነቡ ይዘሉት ጀመር። ልጆቻቸውም ለልጆቻቸው ይዘሉታል።

ተነስቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ግድግዳውን አየሁ። ከዚያ የ8 ሰዓት ኪኒናቸው ደረሰ። ሥራ ሥራ ነው። ውሃና ኪኒን ይዤ ገባሁ። እጄን ያዙኝ፣ ቲጂ አሉኝ፣ እሳቸው ብቻ ናቸው እዚህ ቤት እንዲህ የሚሉኝ። ዋሽተውኝ ቢሆን ይሻል ነበር ብዬ አስቤ ነበር። አይሻልም። እውነቱን ስለነገሩኝ ነው ተመልሼ የተቀመጥኩት።

ግን ስሚኝ። እሳቸው ዘለሉት። እኔም ልዘለው ነበር። እሳቸው ከሃፍረት፣ እኔ ከፍቅር፣ ሁለታችንም ያንን ሰው አሸዋው ላይ ትተነው ሄድን። ልክ እንደ ካፒቴኑ።

አንተ ሰውዬ፣ ፎቅ ላይ ያለኸው! ከመቃብርህ ስማኝ። ባሕር ሳታይ ባሕር ጻፍክ፣ እሺ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። እኛን ሳታይ እኛን መጻፍህ ግን ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ያንን ሰው ምሳ አብስሎ ካበላችሁ በኋላ ስሙን መጠየቅ ከበደህ? ማዕበል ስትጽፍ እጅህ ይባረካል፣ እኔ ምስክር ነኝ፣ አሥራ አንድ ልጅ ወንበር ላይ አቁመሃል። ስለዚህ አልጥልህም። አልሸፍንህምም። ቅዳሜ፣ ልጆቹ ፊት፣ እንዳለህ አቆምሃለሁ።

ወሰንኩ ደብተሬ። 14ን እንደተጻፈ አነባለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5። ከቀኑ 8 ሰዓት።

ዘጠኝ ልጅ። ብሌን መጣች፤ የመጨረሻው ረድፍ፣ ኮፍያ አድርጋ፣ እጇን አጣጥፋ።

በመጀመሪያ ይቅርታ። ቆሜ። በአማርኛ፣ ከዚያ ማንም አልገባኝም እንዳይል በእንግሊዝኛ ደገምኩት። ዋሽቻችኋለሁ፣ ባሻን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ብሌን እውነት ስትናገር ጮህኩባት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጆቹ አፋቸውን ከፈቱ። ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲላቸው የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ብሌን ኮፍያዋን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች።

ከዚያ ለምን ዋሸሽ አለች። ጠየቀች እንጂ አልከሰሰችም። ቃሉን ከአፌ ማውጣት ስላቃተኝ አልኩ። እኔ ላንብበው አለችኝ፣ አንቺ አማርኛ አድርጊው። አቤት ልጅ!

እንደዚያ አደረግን፣ በመሀል ያሉትን ምዕራፎች ለጊዜው አቆይተን። ም. 14። እሷ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ እኔ በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር። ምንም ሳልቀንስ። አሳማውን አሳማ፣ ስድቡን ስድብ። ድምፄ ሁለቴ ተቆረጠ፤ እሷ ጠበቀችኝ። የምግብ አብሳዩ መቅረት ላይ ስንደርስ ያ ትንሹ ልጅ ቲቸር፣ እኛ የቱ ነን አለኝ። መርከቡ ላይ ያሉት ነን ወይስ ዳር ላይ ያሉት?

ይህን ጥያቄ በአምሳ ሰባት ዓመቴ ጠይቄ አላውቅም። ከመስከረም ጀምሮ ሁላችንም ልባችንን መርከቡ ላይ ጭነን ኖሯል።

ለዚህ ነው የቤት ሥራውን የሰጠሁት። መርከቧ ከሄደች በኋላ ዳር ላይ ምን ሆነ? ጻፉ። በአማርኛ። የፈለጋችሁትን።

ልክ በዚያች ደቂቃ ጌ. ቀድሞ መጣ። ዕጣ ነው። በሩን ሲከፍት ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት የደራሲው ቃል ነው የጠበቀው፣ አውሬዎች የሚለው፣ ከሥሩ ልናጠናው አስምሬበት። ሰሌዳውን አየ። ብሌንን አየ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተነሳ። እትዬ፣ ይህን ነው ለልጆቻችን የሚያስተምሩት አለኝ። ሰሌዳውን ግን አላጠፋሁትም።

እሑድ፣ መጋቢት 6። ከቀኑ 10 ሰዓት።

ስብሰባው አለቀ። ሰባት ሰው፣ አንድ ኬክ፣ የጾም።

የሚገርመኝ ጌ. አልጮኸም። ደክሞታል፣ ሌሊት ሠርቶ ነው የመጣው። ልጄ ይህን ቃል መንገድ ላይ ትሰማዋለች አለ፣ ትምህርት ቤት ትሰማዋለች፣ እኔ ሥራ ቦታዬ ሰምቼዋለሁ። አንድ ቦታ ግን እንዳትሰማው ይህን አዳራሽ ነው የተከራየነው። እውነት አለው። ይህን ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ስለ ቋንጣ አንጨቃጨቅም ነበር።

ከዚያ ሐሳቡን አቀረበ። ባሻን ይመልሱት። ልጆቹ ወደውት ነበር፣ ቋንጣውም ይሁን፣ እሺ። ወይ እንደ በፊቱ ባሻ ያለበትን ያንብቡ፣ ወይ መጽሐፉ ይቅር።

ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር። ውሸቱን እኮ ነው የፈቀደልኝ! ሳምንት ቢቀድም ኖሮ እጁን ስሜ እቀበለው ነበር።

አይሆንም አልኩ። ልጅህ አንብባዋለች፣ አንተ በገዛህላት ስልክ። እኔ ባሻ ባሻ ብል እሷ ታውቃለች። ከአሁን በኋላ የማነበው ሁሉ ውሸት ይመስላታል፣ ሀ ሁን ጨምሮ። ክፉውን ነገር ብቻዋን አልጋ ላይ ተኝታ አንብባዋለች። እኔ የምፈልገው ሁለተኛ ብቻዋን እንዳታነበው ነው።

አምስት ለሁለት። ተሸነፍኩ። ክፍሉን መቀጠል ይችላሉ አሉኝ፣ ያለ መጽሐፉ። የአዳራሹን ቁልፍ ከቀለበቱ ለማውጣት ጥፍሬ ተሰበረ፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ኬኩ አጠገብ አስቀመጥኩት። አመሰግናለሁ አልኩ፣ ከልቤ ነው። ሁለት ዓመት በነፃ ተጠቅሜበታለሁ።

ቁልፉን መለስኩ። መጽሐፉን አልመለስኩም።

ዓርብ፣ መጋቢት 11።

የአፓርትመንቴ ክለብ ሀውስ፣ የጋራ መሰብሰቢያው፣ ለነዋሪ ይፈቀዳል። ቅዳሜ ጠዋት ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ስሜን ወረቀቱ ላይ ጻፍኩ። አንድ ሶፋ፣ አንድ የመሮጫ ማሽን፣ ሁለት ወንበር። መስኮቱ ወደ መዋኛው ነው፤ ውሃ የለበትም፣ አረንጓዴ ሸራ ለብሷል።

ለሁሉም ወላጆች ቴክስት አደረግኩ፦ እንዲህ ያለ ቦታ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ፣ ክፉ ቃል አለበት፣ ሳንደብቅ እናነባለን፣ መልስ እንጽፍለታለን፣ ያልፈለገ አይምጣ። አራት እናቶች እሺ አሉ። አንዱ አባት የአውራ ጣት ምልክት ላከ። ከጌ. ምንም።

ሚስተር ዋልተር ዛሬ መጽሐፉን ለኔ ሰጡኝ። ውሰጂው አሉ፣ እኔ በቃኝ። አይሆንም አልኳቸው። ልጆቹ የሚጽፉትን በእንግሊዝኛ አድርጌ አነብልዎታለሁ፣ እርስዎ ገና መጽሐፉን አልጨረሱም። ሳይዘሉ ነው የሚሰሙት። እሺ አሉ። ጣታቸውን አነሱ፣ ምን እንደተሳሳትኩ አልገባኝም፣ ለካ ዓይናቸውን ሊጠርጉ ነው።

ብሌን ካልመጣች ምን አደርጋለሁ? ከሌሎቹ ጋር አነባለሁ። ግን ያቺን ልጅ እውነት ስለተናገረች ካጣኋት ለራሴም ይቅርታ የለኝም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12። ከቀኑ 7 ሰዓት።

ቀስ ብዬ ልጻፍ። አንድም እንዳይቀርብኝ።

4 ሰዓት፦ አምስት ልጅ። ሦስቱ ሶፋ ላይ፣ ሁለቱ መሮጫው ላይ። አትንኩት፣ አትንኩት። 4 ከሩብ፦ ሰባት። መሬት ላይ ተቀመጡ። በሩን በዓይኔ እያየሁ ፊደል አስጀመርኩ።

4 ሰዓት ተኩል ላይ የጌ. ቫን መጥቶ ፓርክ አደረገ። ብሌን አልወረደችም። እሱ ወረደ። ሊጣላኝ ነው ብዬ ወገቤን ያዝኩ፤ ቃሌን አዘጋጅቼ ነበር፣ ጥሩ ጥሩ ቃል። የኋላውን በር ከፈተ። ተጣጣፊ ወንበሮች። ከጀርባቸው ቁጥር ያላቸው፣ የማኅበሩ፣ ቁጥሩን በራሱ እጅ የጻፈባቸው። አራት አራት አድርጎ አስገባ። ልክ እንደ መጋዘን ቀጥ አድርጎ ደረደራቸው። ወንበር አይበቃዎትም ብዬ ነው አለ፣ ሳያየኝ። ያዘጋጀሁትን ቃል ትቼ አንዱን ወንበር ተቀበልኩት።

በኋላ ነው የሰማሁት፣ ከብሌን። ሳምንቱን ሙሉ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስትጽፍ አይቷታል። አንድ ቃል በአማርኛ ምን ይባላል ብላ ጠየቀችው፣ ነገራት። ሌላ ጠየቀችው። ኮምፒዩተር ሳይሆን እሱን። በኋላ አጠገቧ ተቀምጦ መጽሐፉን እንግሊዝኛውን ራሱ አነበበው፣ 14ን። ሲጨርስ ጫማውን አድርጎ ወንበር ሊያመጣ ሄደ።

ብሌን ገባች። ወረቀት በእጇ። ማንም ሳይጠይቃት ፊት ለፊት ቆመች። ከጀርባዋ ያ ውሃ የሌለው መዋኛ። ያነበበችውን ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ፣ ወረቀቱን አስቀርቼባታለሁ፦

ባሻ ዳር ላይ ቀረ። መርከቧ ሄደች። አልጠራትም። ሰዎች መጡ። ስምህ ማን ነው አሉት። ባሻ ደስታ ነኝ አላቸው። እናንተስ አላቸው። ሁሉም ስማቸውን ነገሩት። ብዙ ስለሆኑ ረጅም ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ራበው። ሽሮ ሠራላቸው።

ሽሮ! ዞር ብዬ ጌ.ን አየሁት። መሬት ላይ እኮ ነው ያለው አለች ብሌን፣ ማማሰል ይቻላል። ጌ. ሳለ። ሳል አልነበረም።

ከዚያ ሁሉም ተነሱ፣ ሁሉም ያነባል፣ ሁሉም ይጮኻል። ትንሹ ልጅ ዳር ላይ ያሉት ሰዎች ወሎዬ ናቸው አለ። የሐረሯ ተቃወመች። ተከራከሩ፣ በምን መሰለሽ፣ ግማሽ ግማሽ አማርኛ! ባሻ እንደገና መጣ ደብተሬ። እኔ አልሸፋፈንኩትም አሁን። ልጆቹ መጽሐፉን እስከ ታች አንብበው፣ ደራሲው የተወውን ቦታ አይተው፣ ከአሸዋው ላይ አነሱት።

ገጾቹን ሰብስበን በክር ልንሰፋቸው ነው። የሰውዬው ምዕራፍ መጀመሪያ፣ ሳይነካ። የነሱ ተከትሎ። ብሌን ለሽፋኑ ካርቶን አመጣች፤ ወፍራም ማርከር። ማን ጻፈው ተብሎ ይጻፍ አለች። የሰውዬውን ስም ጻፊ አልኳት፣ ሐቁ ነው፣ መርከቧ የሱ ናት። ጻፈች። ከዚያ የሚጻፈውን የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ቆጠሩ፣ የብሌን፣ የትንሹ፣ የሁሉም፣ የኔም። ባሻ ደስታም ጭምር አለች፣ እሱም ሠርቷል። እሺ።

የኛ ከሰውዬው ስም ከላይ ይሁን ከታች አለችኝ ማርከሩን ይዛ። ሁሉም እኔን አዩኝ፣ ጌ.ም ጭምር።

ከላይ አልኩ።